ጉብታ ላይ የሚያድሩ ውሾች

ሎያ ሐይቅ ካምፕ መግቢያ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ «ከነውሻዎ እንኳን ደህና መጡ» ይላል። ከሥሩ የሚስቅ ውሻ ተሥሏል። ሠዓሊው ውሻ ሲስቅ የት እንዳየ እንጃ እንጂ ሰሌዳው ላይ ውሸት የለም። ካምፑ ውሻ ይወዳል። ውሻ ይዞ የመጣ ሰው ሰልፍ አይዝም፤ ድንኳኑን የሚያገኘው ሐይቁ ፊት ለፊት ካለው ጉብታ ላይ ነው፤ ጠዋት የመጠጥ ውኃ ሲታደልም ቅድሚያው የእሱ ነው። ውሻ የሌለው ደግሞ ከበሩ ላይ ዶሮ ይከራይና ከጉብታው ጀርባ ወዳለው ረባዳ ይወርዳል።

ሶልያና የሳንባ ፈቃዷን ልትወስድ ወደ ሎያ የመጣችው በኅዳር ነው። አዲስ አበባ ሰማይ የሚባል ነገር ካየች ዓመታት አልፈዋል። በከተማው የሚሠራ ሰው ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ወጥቶ ንጹሕ አየር ካልተነፈሰና ካርዱ ላይ ማኅተም ካላስመታ የመሥሪያ ቤቱ በር አይከፈትለትም። ሶልያና የዳቦ ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ዕድሜዋ ሃምሳን አልፏል። የምትኖረው ሠላሳ አንደኛው ፎቅ ላይ ብቻዋን ነው። ብቻዋን ማለቴን ብትሰማ ትቆጣለች፤ ሻምበል አለ።

ሻምበል ውሻዋ ነው። ቡናማ፣ አንድ ጆሮው የታጠፈ፣ ምንም የተለየ ነገር የሌለው የሀገር ውሻ። ከቡችላነቱ ጀምሮ የሚተኛው እግሯ ላይ ነው፤ በክረምት እግሯ የሚሞቀው በእሱ ነው። ከሥራ ስትገባ አለቃዋን የምታማው ለእሱ ነው፤ እሱም ጆሮውን አጣጥፎ እስክትጨርስ ይሰማታል። እስከ አምና ድረስ ፈቃዷን የምትወስደው ሰው ብቻ የሚገባበት ተራራ ላይ ነበር፤ ሻምበልን አንዲት ጎረቤቷ ትጠብቅላት ነበር። ጎረቤቷ ዘንድሮ ልጇ ዘንድ ሄደች። ስለ ሎያ ሶልያና ሰምታለች፤ ያልሰማ የለም። ግን ሰው የሰማውን ሁሉ በራሱ ላይ ይደርሳል ብሎ አያስብም፤ እሷም አላሰበችም።

የበሩ ጠባቂ ወልደሐና ይባላል። በዚያ ዘመን ወልደሐናና ተዋበች የሚባሉት ወጣቶቹ ናቸው፤ ናሆምና ኤፍራታ ከተባለ ጡረተኛ ነው።

«ስሙ ማን ነው?» አላት ውሻውን እያየ።

«ሻምበል።»

«ማዕረግ አለው በሉኛ! ያስላል?»

«አያስልም። ምነው?»

«የሚያስል ውሻ ባልሆነ ሰዓት ይወድቅና ሰውን በከንቱ ያስነሣል፣ እትዬ።» ሻምበልን አገላብጦ አየው፤ ጆሮውን ደረቱ ላይ ለጥፎ አዳመጠ፤ ከመሳቢያው ቃጭል የተንጠለጠለበት ቀበቶ አውጥቶ አንገቱ ላይ አሠረለት። «ሲሮጥ ቃጭሉ አይጮኽም፣ ሲያክክ አይጮኽም። ትንፋሹ ሲቆም ብቻ ነው የሚጮኸው። ማታ ማታ ድንኳንዎ ካለበት ማማ እግር ጋር ይታሠራል፤ መሬት ላይ ነው የሚያድረው።»

«እኔ ጋ ነው መተኛት የለመደው።»

«ውሻ ድሮም ደጅ ነው የሚያድረው፣ እትዬ። እናቶቻችን ቤት ያስገቡ ነበር እንዴ?» አለና ሳቀ። ጫማ እንደሚያስለካ ሰው ነበር የሚያወራው።

የሎያ ሜዳ ውብ ነው፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ሣሩ እስከ ወገብ ይደርሳል፤ ነፋስ ሲመጣ እስከ አድማስ ድረስ ይተኛና ይነሣል። የሚበላው ከብት የለም፤ ከብቱ ካለቀ ቆይቷል። ድንኳኖቹ የተተከሉት ገበሬ ዝንጀሮ ይጠብቅበት በነበረው ዓይነት ማማ ላይ ነው። ከእያንዳንዱ ማማ አናት፣ ከድንኳኑ በላይ፣ ሁለት ሰው ተጠጋግቶ የሚቆምበት ቆጥ አለ፤ ወደዚያ የሚያወጣ መሰላል አለ።

ሐይቁ አልፎ አልፎ፣ ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ ከሆዱ የሚተፋው ነገር አለ። አይታይም፤ አይሸትም። ከውኃው ወጥቶ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ጉብታው ላይ ከሰው ጉልበት አያልፍም፤ ማማው ላይ የተኛ ሰው ምንም አይሆንም። ጉብታውን ተሻግሮ ረባዳው ውስጥ ሲጠራቀም ግን ድንኳኖቹን ይውጣል። የካምፑ ሰዎች ስሙን አይጠሩትም። «እንግዳው» ነው የሚሉት። እንግዳው ሲመጣ ጉብታው ላይ የታሠረ ውሻ ይወድቃል፤ ቃጭሉ ይጮኻል፤ የረባዳው ሰው ይነሣና ወደ ቆጡ ይወጣል፤ ነፋስ እስኪነሣ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። የረባዳው ዶሮም ቃጭል አላት። የእሷ ሲጮኽ ግን እንግዳው ደጅ ደርሷል ማለት ነው። እንግዳውን የሚለይ መሣሪያ አልተሞከረም እንዳትሉ። ተሞክሮ፣ ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ነው ካምፑ ውሻ መውደድ የጀመረው።

በመጀመሪያው ቀን አመሻሹ ላይ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ከማማው ሥር ተሰማ። አንዲት ቀጭን አሮጊት ሣህን ይዘው፣ ከኋላቸው አንድ ሽማግሌ ጉልበታቸውን ደግፈው ቆመዋል። ልማዱ ነው፤ የረባዳ ሰው ከሥሩ ለሚያድርበት ውሻ ራት ያደርሳል።

«ከኋላሽ ያለነው እኛ ነን፣ የኔ ልጅ። ኤፍራታ እባላለሁ። ይኼ ባለቤቴ ነው፣ ናሆም። የሚጠብቀን ጌታ ይኼ ነው?»

«ሻምበል ይባላል፣ እትዬ።»

«ውይ! ናሆም፣ ሰላምታ ስጥ እንጂ፣ አለቃህ ነው!»

ጋሽ ናሆም ተረከዛቸውን አጋጭተው እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አነሡ። ሻምበል ሣህኑን እንጂ ሰላምታውን አላየም። ሦስቱም ሳቁ። እትዬ ኤፍራታ ቁጢጥ ብለው፣ በመረቅ የራሰውን ዳቦ እየቆራረሱ በእጃቸው አጎረሱት።

«ይኼ ሰውዬ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ ባቡር ሲነዳ ጉልበቱን እዚያው ጥሎት መጣ» አሉ ቀና ሳይሉ። «መሰላል ላይ እንደ ኤሊ ነው። ዶሮዋን ብንጠብቅ አንደርስም። አንቺና ሻምበል ናችሁ ጊዜ የምትሰጡን። እግዜር ይስጥልን።»

ሶልያና «ምን አለ፣ እትዬ» አለች። ምን እንዳለ ግን ታውቃለች። ያ ምስጋና እዚያው ደረቷ ላይ ተቀመጠ።

የሚቀጥሉት ቀናት መልካም ነበሩ፤ ከሁሉ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ሰዉ ጠዋት ተነሥቶ ውሻው ጋ ይወርዳል፤ ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል አይቶ «ተመስገን» ይላል፤ ቁርሱን ይበላል። ከዚያ ሜዳው በውሻ ይሞላል። ዱላ ይወረወራል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ከረባዳው የወጡ ልጆች የማያውቁትን ውሻ በስሙ እየጠሩ ያሯሩጣሉ። ሻምበል ሣር ውስጥ ሮጦ አያውቅም ነበር። ሲሮጥ ጅራቱ ብቻ ከሣሩ በላይ ይታያል። ሶልያና እዚያ ቆማ አፏን ከፍታ ሳቀች፤ ሳንባዋ ሳያስላት እንዲህ ከሳቀች ስንት ዘመኗ! ማታ ሲሆን ግን ገመዱን ራሷ ታሥራለች። ሻምበል ከታች ሆኖ ቀና ብሎ ያያታል፤ ትንሽ ያለቃቅሳል፤ ይተወዋል።

አንድ ማለዳ ቃጭል ጮኸ። ከሶልያና ቀጥሎ ባለው ማማ ያረፈው ኢዮስያስ የሚባል የጥርስ ሐኪም ነበር፤ የወደቀችው የእሱ ውሻ ናት፣ ዳማ። ረባዳው በሙሉ ወደ ቆጥ ወጣ። ነፋስ መጣ። አንድም ሰው አልሞተም። ሻምበልን እንግዳው ዳር ዳሩን ብቻ ነክቶት ነበርና አልወደቀም፤ ግን ቀኑን ሙሉ እግሩ ሲብረከረክ፣ የበላውን ሲያወጣ ዋለ።

ረፋድ ላይ የረባዳው ሰው ሰልፍ ይዞ ጉብታውን ወጣ። እያንዳንዱ የኢዮስያስን ትከሻ ነካ እያደረገ «ስለ እኛ ሄደች» ይለዋል፤ የሚባለው እንዲህ ነው። ምግብ አመጡለት፤ ለለቅሶ እንደሚሆነው ዙሪያውን ተቀመጡ። ሠራተኞች ዳማን በሸራ ጠቅልለው ወሰዷት። ወልደሐና ሁለት ቡችሎች በካርቶን ይዞ መጥቶ «ይምረጡ፣ ዶክተር» አለው። ኢዮስያስ ነጯን መረጠ። ከሰዓት በኋላ ዱላ ሲወረውርላት ሶልያና አየችው። ሰው ቶሎ ይረሳል እንዳትሉኝ። እየወረወረ ያለቅስ ነበር።

ሶልያና በሩ ድረስ ሄደች።

«ወልደሐና፣ ዛሬ ልሂድ።»

«ማኅተሙ የሚመታው በመጨረሻው ቀን ነው፣ እትዬ። ያለማኅተም ሄደው ሥራዎን ምን ሊያደርጉት ነው?»

«እሺ ረባዳው ውስጥ አሳድረኝ። ዶሮ ስጠኝ።»

«ውሻ ያለው ሰው ረባዳ አይወርድም። ረባዳው የሚያድረው በማን ሆነና?» ክፉ ልጅ አልነበረም። «አይዞዎት። እንግዳው በመጣ ማግሥት ተመልሶ አይመጣም። ጥቂት ቀን ነው የቀረዎት።»

በቀሩት ቀናት ሶልያና ሻምበልን ባየችው ቁጥር የምታየው ሸራውን ነበር። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እትዬ ኤፍራታንም አስባለች። በየማታው ሣህናቸውን ይዘው ሲመጡ ዓይናቸውን ማየት እያቃታት መጥቶ ነበር። ግን ሻምበል ከሌለ ሠላሳ አንደኛው ፎቅ ላይ የሚቀበላት የለም። ሊፍቱ ተከፍቶ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ዝም ያለ ቤት። ከዚያ መቁጠር ጀመረች። ጉብታው ላይ ስድስት ማማ አለ፤ ስድስት ውሻ አለ። እንግዳው ሲመጣ ስድስቱም ባይወድቁ አንዱ ይወድቃል፤ አንድ ቃጭል ለረባዳው ይበቃል። ለአንድ ሌሊት አምስት ውሻ አያንስም።

በመጨረሻው ቀን ማታ እትዬ ኤፍራታ የሻምበልን ራት ትንሽ አብዝተው አመጡ። አድራሻ ተለዋወጡ። «ከተማ ስንገባ ሻይ እንጠጣ፤ እሱንም ይዘሽው ነይ። እኛ ሕንፃ ላይ ውሻ አይገባም፤ ዘበኛውን ግን ናሆም ያውቀዋል» አሉ። ጋሽ ናሆም የሻምበልን የታጠፈ ጆሮ ሲያሹ ውሻው ዓይኑን ጨፍኖ ተደገፋቸው። ከዚያ ተደጋግፈው ወረዱ።

ወልደሐና ገና ሳይጨልም ዞሮ ገመዶቹን አንድ በአንድ ፈተሸ። ተመልሶ እስኪጨልም ጠብቃ ሶልያና ገመዱን ፈታች። ሻምበል መሰላል ወጥቶ አያውቅም። የፊት እግሮቹን ደረጃው ላይ አስቀምጣለት፣ ትከሻዋን ከኋላው ሥር አስገብታ፣ እያቃሰተች ገፋችው። እሱም ሣሩ ላይ ያደረበትን ሌሊት ሁሉ ይቅር እንዳላት ፊቷን ላሳት። ድንኳኑ ውስጥ ዞር ዞር ብሎ እግሯ ላይ ተኛ። ሶልያና ከመጣች ጀምሮ እንደዚያ ሌሊት ተኝታ አታውቅም።

ጎሕ ሲቀድ የቀሰቀሳት ቀጭን የቃጭል ድምፅ ነው። ጆሮዋን አቀናች። ከጉብታው አይደለም። ከኋላ ነው፣ ከረባዳው፤ የዶሮዎቹ ነው፤ ብዙ ነው።

የድንኳኑን በር ገልጣ ወጣች። ሐይቁ ዘይት እንደፈሰሰበት ጸጥ ብሏል። አንድም ሣር አይነቃነቅም። በረባዳው ሰዎች በመሰላል ላይ ነበሩ፤ አንዳንዱ ግማሽ ደርሷል፣ አንዳንዱ ገና ከድንኳኑ መውጣቱ ነው። ቅርቡን ማማ አየች። ጋሽ ናሆም ሁለት እግራቸውን እያንዳንዱ ደረጃ ላይ እያሳረፉ ይወጣሉ። እትዬ ኤፍራታ ከሥራቸው ሆነው በጭንቅላታቸውና በሁለት እጃቸው ይገፏቸዋል።

«እትዬ! ቶሎ በሉ! እትዬ ኤፍራታ!» ብላ ጮኸች። ሌላ ምን ታድርግ? ከራሷ ማማ ሥር ያለው ሣር ውስጥም እንግዳው አለ፤ ብትወርድና ብትደናቀፍ አትነሣም።

ጋሽ ናሆም ቆጡን ጨበጡ። በሆዳቸው ተንሸራትተው ወጡ፤ ዞረው እጃቸውን ወደ ታች ዘረጉ። የሚስታቸው እጅ ትንሽ ከፍ አለ። ከዚያ እትዬ ኤፍራታ፣ ሰው ደክሞት ሲቀመጥ እንደሚሆነው፣ ቀስ ብለው ከመሰላሉ ለቀቁ። ጋሽ ናሆም እጃቸውን አልሰበሰቡም። ነፋስ ተነሥቶ ሣሩን እስኪያስተኛ ድረስ እንደተዘረጋ ነበር።

ከረባዳው ዘጠኝ ሰው ሞተ። ፀሐይ ወጥታ ሠራተኞቹ ሸራ ይዘው ሲወርዱ፣ ጉብታው ላይ ያሉት ድንኳኖች አንድ በአንድ ተከፈቱ። ከመጀመሪያው ድንኳን አንድ ጥቁር ውሻ ብቅ አለ። ከሁለተኛው ሌላ። የኢዮስያስ ነጭ ቡችላ ከኮቱ ብብት ውስጥ ጭንቅላቷን አወጣች። ስድስቱም ማማ ላይ ነበሩ። መሬት ላይ ያደረ ውሻ አልነበረም። ሶልያና አምስት ይበቃል ያለችው እሷ ብቻ መስሏት ነበር። ስድስቱ ሰዎች እርስ በርስ አልተያዩም፤ እያንዳንዱ ገመዱን ሲጠቀልል፣ ሲፈታ፣ እንደገና ሲጠቀልል ቆየ።

በድምፅ ማጉያው የቃጭል ብልሽት ማጋጠሙ ተነገረ። ካምፑ ሐዘኑን ገለጸ። ማኅተም በሰዓቱ እንደሚመታ፣ አውቶቡሱም በሰዓቱ እንደሚነሣ ተነገረ። ወልደሐና ካርዶቹን እየዞረ ሲመታ ቀና ብሎ ማንንም አላየም።

ሶልያና ሻምበልን ድንኳኑ ውስጥ ትታ ዕቃዋን እታች ስታሥር፣ ጋሽ ናሆም ጉብታውን ሲወጡ አየቻቸው። አንድ እግራቸው ጫማ የለውም። ሄዳ ልትደግፋቸው ፈለገች፤ ግን የሻምበልን ገመድ ጨብጣ እዚያው ቆመች። አጠገቧ ሲደርሱ ትከሻዋን ነካ አደረጉ።

«የኔ ልጅ» አሉ፤ ድምፃቸው ሻክሯል። «ቃጭሉ እንኳ ሳይጮኽለት ወሰደው አይደል? ስለ እኛ ሄደ።»

ለቅሶ ሊደርሷት ነው የመጡት። ሚስታቸው ሸራ ውስጥ ናቸው፤ እሳቸው ለሷ ውሻ ለቅሶ ሊደርሱ ዳገት ወጥተዋል። «ጋሼ...» አለች ሶልያና። ድምፃቸውን የሰማው ሻምበል የድንኳኑን በር በአፍንጫው ገፍቶ ብቅ አለ። መሰላሉን በደረቱ እየተንሸራተተ ወርዶ፣ ጅራቱን እየቆላ መጥቶ እጃቸውን አሸተተ። በየማታው ራት ይዞ የሚመጣው እጅ ነው።

ጋሽ ናሆም ውሻውን አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ሌሎቹን ማማዎች፣ ሌሎቹን ውሾች አንድ በአንድ አዩ።

«እንኳን ተረፈ» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለች ሶልያና። «ማታ ወደ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«መሰላል ይችላል እንዴ?»

«አይችልም። ከኋላ ገፋሁት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቢሰድቧት፣ ድንጋይ ቢያነሡባት ትመርጥ ነበር። «እኔንም ከኋላ ነው የገፋችኝ» አሉ፤ ዞረውም ወደ ረባዳው መውረድ ጀመሩ።

ሻምበል ትንሽ ቆሞ አያቸው፤ ተከተላቸው። «ሻምበል!» አለች። ጆሮውን አነሣ፤ ግን አልቆመም። «ሻምበል! ና!» እታች ሸራዎቹ ተደርድረዋል፤ ሰዎች በመካከላቸው ቁጭ ብለው ያለቅሳሉ። ሽማግሌው ከአንዱ ሸራ አጠገብ ሲቀመጡ ውሻው ጎናቸው ተኛ። ሶልያና እስከ ጉብታው ጠርዝ ሄደች። ከዚያ አላለፈችም። ወርዳ በእነዚያ ሰዎች መካከል አቋርጣ ውሻዋን ለመውሰድ የሚሆን ፊት አልነበራትም። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ።

በሩ ላይ ወልደሐና ካርዷን ሲመልስላት በእጇ ያለውን ባዶ ገመድ አየ። ኮፍያውን አወለቀላት። አውቶቡሱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ይህን አይተው ተነሡ፤ አንዷ የመስኮት አጠገብ ወንበሯን ለቀቀችላት፤ ሌላው «ስለ እኛ ሄደ» ብሎ ትከሻዋን ነካ አደረጋት። ሶልያና ዝም ብላ ተቀመጠች።